ከኢትዮጵያ፣ ጤነኛ፣ የማትሸሽ

ባለፈው ምርጫ አባዬን ድምፅ ሊሰጥ ወሰድኩት። የምርጫ ጣቢያው ዌስተን ሰፈር ያለው የድሮ ትምህርት ቤቴ ነው፤ የስፖርት አዳራሹ፣ ጂሙ ውስጥ። በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ የወለል ሰም፣ የላብ ጫማ፣ የፕላስቲክ ፍራሽ። ያን ሁሉ ዓመት ወለሉን ሲወለውሉት ኖረው ሽታው ንቅንቅ አላለም። አባዬ ከዘራውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አየና "ሌላ ቦታ የለም?" አለኝ። ለምን እንደጠየቀ አውቄያለሁ፤ እሱም ማወቄን ያውቃል፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጓደኞቼ "የልጅነት ነገር ነው፣ ተዪው በቃ" ይሉኛል። አልተወውም። እንዲያውም ሳድግ ይብስብኛል፣ ምክንያቱም ያኔ ያልገባኝ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየገባኝ ነው የመጣው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚህ አገር ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። እናቴ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ አዲስ አበባ ስለቀረች እኔና አባዬ ብቻ አንድ ፎቅ ስድስተኛው ላይ እንኖር ነበር። አባዬ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ሺፍቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሰዓት ያህል እንገናኛለን፤ እሱ ይበላል፣ እኔ አወራለሁ። እሱ ሲወጣ እኔ አራተኛ ፎቅ ሐጂ እንድሪስ ጋ እወርዳለሁ። ሐጂ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደኛው የወሎ ሰው፣ አያቴንም በደንብ ያውቁት የነበሩ። እሳቸው ቁርአን ያስቀሩኛል፣ እኔ የኤሌቬተሩን ቁልፍ እጫንላቸዋለሁ። አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል አላውቅም ይሉ ነበር።

በረዶው ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን ሚስስ ሃርግሪቭ የጥንቷን ሮም ትምህርት ጀመረችልን። አልዋሽም፣ ሮምን ወድጄው ነበር። ፎም እንደ ድንጋይ ቆርጠን ቅስት ሠራን፤ ያለ ምንም ሙጫ። ከግራና ከቀኝ ትደረድሪያለሽ፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ትደረድሪያለሽ፤ በመጨረሻ አናቱ ላይ ያቺን አንዷን ስትሰኪያት ሁሉም ጸጥ ብሎ ይቆማል። እጄን ከሥሩ አውጥቼ ሲቆም ያየሁት ቀን ምሳዬን ረሳሁ። ባሕር ውስጥ የማይፈርስ ሲሚንቶ ነበራቸው። ወለላቸውን ከሥር በእሳት ያሞቁት ነበር፤ የእኛ ፎቅ ማሞቂያ ሲበላሽ ደግሞ አስተዳደሩ ለመምጣት ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ለአባዬ እተርክለታለሁ።

"የሮማውያን መንገድ ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቷል" አልኩት አንድ ቀን።

"እስቲ አምጪያቸው፣ ጄን ስትሪትን ይሥሩልኝ" አለ እየበላ። "ትናንት ጎማዬን በላው።"

"ውሃ ከሩቅ ተራራ በቅስት ላይ አሻግረው ከተማ ያስገቡ ነበር። ያለ ፓምፕ፣ አባዬ።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። "ያለ ፓምፕ? ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው?"

"ሮማውያን ነዋ።"

"ሁሉም?"

"አዎ፣ ሁሉም።"

"እንግዲህ ጎበዞች ናቸው" አለና ጎረሰ።

ልቤን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አባዬ ታክሲ ነጂው፣ መጽሐፉን አንድ ገጽ ሳያገላብጥ፣ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። እኔ መልሱን አላውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ አልነበርኩም። ሮም ከምሳ በኋላ ነው የሚሰጠው። በሳምንት ሁለት ቀን ልክ በዚያ ሰዓት የኢ.ኤስ.ኤል.፣ ለአዲስ መጤ ልጆች የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ አስተማሪ በሩ ላይ ብቅ ትልና አራታችንን ትጠራናለች፤ እኔን፣ ከጋና የመጣ ኮፊ የሚባል ልጅን፣ ሁለት የታሚል እህትማማቾችን። እኛ በትንሿ ክፍል "አፕል፣ ኦሬንጅ" እያልን ሳለ የቀሩት ስለ ሮም ባሪያዎች ይማራሉ። ስንመለስ መንገዱና ውሃው ሰሌዳው ላይ ተስሎ እናገኛለን። ማን እንደ ሠራው የተነገረ ቀን እኛ የለንም።

የትምህርቱ መዝጊያ ጂሙ ውስጥ የሚደረግ የሮም ግብዣ ነበር። ወላጅ ይጠራል፣ ሴናተሮች አንሶላ ለብሰው ፍራሽ ላይ በክርናቸው ጋደም ብለው ወይን ይበላሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ፤ በመጨረሻ የጎን ክፍል ልጆች አረመኔ ሆነው ይገቡና የካርቶን ዓምዶቹን ገፍተው ይጥላሉ፣ ሮም ትወድቃለች፣ ከዚያ ፒዛ። እንግሊዝኛው የሚሄድላቸው ሴናተሮች ሆኑ። እኛን አራታችንን ሚስስ ሃርግሪቭ ለብቻ ጠራችንና ጎንበስ ብላ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቃሉን እየጎተተች፣ "እናንተ በግብዣው ላይ ታገለግላላችሁ፤ ምንም መናገር የለባችሁም" አለችን። ደግ መሆኗ ነበር። እሱ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ፤ ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ካርድ ሰጠችን። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ክር ያለው፣ ሦስት መስመር። ከየት፣ ጤና፣ ጠባይ። ዛሬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሮማውያን የሚሸጡት ሰው አንገት ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያንጠለጥሉ ነበር፤ አገሩ የት እንደሆነ፣ በሽታ እንዳለበት፣ ሸሽቶ ያውቅ እንደሆነ። ገዢው እንዳይታለል ብለው ሕግ አውጥተውለታል። ሕግ አዋቂዎች አይደሉ?

ያኔ ግን አባዬ ኤርፖርት የሚያንጠለጥለው ባጅ ዓይነት መሰለኝ። ስሌቭ የሚለውንም ቃል ከልጆቹ ሰምቼዋለሁ። ሴናተርም ለእኔ አዲስ ቃል ነው፣ እሱም አዲስ ቃል ነው፤ ሁለቱንም የማዕረግ ስም አደረግኳቸው። ሚስስ ሃርግሪቭ ደግሞ የድሮ ካርታ አምጥታ ከግብፅ በታች ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እያሳየች "አየሽ? ሮማውያን አገርሽን ያውቁት ነበር" አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ የአገሬ ስም ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደረቴ ተነፋ። አገሬን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፣ ዙሪያውን አበባ ሳልኩበት። ሁለተኛው መስመር ላይ "ጤነኛ" አልኩ። ለሦስተኛው ከሰሌዳው ላይ መርጣችሁ ገልብጡ ተባልን፤ "የማትሸሽ" የሚለውን መረጥኩ። ፈሪ ያልሆነች ማለት ነው ብዬ ነው።

ያን ቀን ሺፍት ሳይወጣ ለአባዬ ነገርኩት። "በግብዣው ላይ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። ተመርጬ።"

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። የቤተሰባችንን ታሪክ የማያውቅ ሰው ምን እንደተሰማው ላይገባው ይችላል። አያቴ ወሎ ውስጥ አንድ ትልቅ ሸህ ደጅ ኻዲም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ መውሊድ በመጣ ቁጥር ለስንት መቶ እንግዳ ውሃ እየቀዳ፣ እጅ እያስታጠበ ያገለገለ ሰው። እኛ ዘንድ ኺድማ ማዕረግ ነው። ማንም ተነስቶ ማንቆርቆሪያ አያነሳም፤ የተወደደና የታመነ ነው የሚታዘዘው። እጁን የታጠበው ሁሉ ስለሚመርቀው የአገሩ ምርቃት እሱ ላይ ያርፋል። አባዬን ያሳደገው ያ ምርቃት እንደሆነ አባዬ ያምናል።

"ፈረንጅም ያውቅበታል ለካ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በበነጋው የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አመጣ። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዷን ሰዓታችንን በሥልጠና ጨረስናት። "ፎጣው በግራ ትከሻ። ከትልቅ ሰው ጀምሪ። ጎንበስ በይ፣ ግን አትሽቆጥቆጪ። ውሃው እንደ ክር ይውረድ፣ አይቆራረጥ። የሰውዬውን እጅ አፍጠሽ አትዪ፣ ነውር ነው። ጨርሶ ሲያብስ ቁሚ። ሳይመርቅሽ እንዳትሄጂ፤ ምርቃቱን ጥለሽ መሄድ ነው።" ሳፋው ውስጥ የእሱን እጅ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ አላህ ይወቅ። በመሃል መሬቱን ሳረጥበው "አያትሽ አፈር ላይ ነበር የሚያፈሰው፣ አንቺ ግን የታችኛው ፎቅ ሰዎች ላይ ነው" እያለ ይስቃል።

ዓርብ መስጊድ ለሰው ሁሉ አወራ። ሐጂንም ጋበዛቸው።

በግብዣው ዕለት ሺፍቱን ለውጦ፣ ነጭ ጀለቢያውን በጃኬት ላይ ይሁን ጃኬቱን በጀለቢያ ላይ ሳይለይለት ደርቦ መጣ። ሐጂ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው። የቀሩት ወላጆች ጂንስ ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሁለቱ ለዒድ እንደሚወጣ ሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ካርዴን ደረቴ ላይ አስተካክዬ፣ ፎጣዬን በግራ ትከሻዬ ጥዬ፣ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አባዬ ከሩቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ።

ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሴናተር ብራንደን የሚባል ልጅ ነበር። ውሃውን እንደ ክር አወረድኩለት። እጁን አንሶላው ላይ አበሰ እንጂ ፎጣዬን አልነካውም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ምርቃት እየጠበቅኩ ነው። እሱ አየኝ፣ ጓደኛውን አየው፣ ሳቀ። እኔ አልሄድኩም። "ሂጂ፣ ቀጥይ፣ ስሌቭ" አለኝ፤ ጨዋታው ነው። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። አጠብኩ፣ ቆምኩ። ሦስተኛው ጋ ቆምኩ። በየአንዳንዳቸው ፊት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የሚመርቀኝ ስፈልግ። ወላጆቹም መሳቅ ጀመሩ፤ ደስ የሚል ትወና መስሏቸው። አንዷ "እንዴት ታምራለች" ስትል ሰማሁ። 

ስምንት ሴናተር አጥቤ አንድም ምርቃት አላገኘሁም። ስለዚህ የሚመርቅ ሰው ወዳለበት ሄድኩ። ከፍራሾቹ ወጥቼ ወለሉን አቋርጬ ሐጂ ፊት ጎንበስ አልኩ። ሚስስ ሃርግሪቭ ከኋላዬ "ኖ፣ ኖ፣ ስዊቲ፣ ለሴናተሮቹ ብቻ ነው" እያለች መጣች። ሐጂ ከዘራቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። በእርጋታ ታጠቡ። በፎጣዬ ጣት በጣት አበሱ። ከዚያ እርጥብ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው "እጅሽ ይባረክ። አላህ ያሳድግሽ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ" አሉኝ። አባዬ ካሜራውን አውጥቶ ተነስቷል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል፣ ሚስስ ሃርግሪቭም ፎቶ ውስጥ እንድትገባ በእጁ ይጠራታል።

"ይመር" አሉ ሐጂ አባዬን፣ ዓይናቸውን ከደረቴ ሳያነሱ፤ "ይህ አንገቷ ላይ ያለው ምን ይላል?"

"የት?" አለ አባዬ። ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ጎንበስ ብሎ፣ አበባዎቹን አልፎ፣ ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ። "ከኢትዮጵያ... ይላል፣ ሐጂ። ጤነኛ... ይላል።" ቆመ።

"እሺ። ሦስተኛውስ?"

"ይኸው ነው" አለ አባዬ። "ጎበዝ ናት ነው የሚለው።"

እኔ የጻፍኩትን አውቃለሁ። አባዬ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ላይ ያየሁትን ልጅ ማየት የለበትም። ማንም ቃሉን ሳይፈታልኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ፤ ምኑ ላይ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

አባዬ ካርዱን በአናቴ በኩል አውልቆ ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደ። ሚስስ ሃርግሪቭ "ገና የሮም ውድቀት እኮ ቀርቷል" አለችው። አባዬም በሰባራ እንግሊዝኛው "ለእኛ አልቋል" አላት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በኩራት የማወራው ታሪክ ይሆን ነበር። ግን እጇን ጨበጣት። "ቴንክ ዩ፣ ቲቸር" አላት፣ ሁለት ጊዜ። ፈገግ ብሎ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት የዚያን ዓመት ነው የተማርኩት፣ ስንት ዓመትም በልቤ ስለው የኖርኩት አባቴን ነው። ስንወጣ ከኋላችን ዓምዶቹ ወደቁ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ሁሉም አጨበጨበ።

ሐጂን በር ላይ ካወረድን በኋላ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ "ስሌቭ ምን ማለት ነው?" አልኩት።  መሪውን እንደያዘ በአማርኛ ነገረኝ። ያን ቃል አውቀው ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሠርግ ላይ አንዲት ዘመዳችን ስለ አንዲት የሙሽራዋ ጓደኛ ቀስ ብላ ስትለው ሰምቼ፣ ትልልቆቹ ሲስቁ አብሬ ስቄያለሁ። ስለዚህ በሮም ብቻ ለመናደድ እንኳ ነፃ አልነበርኩም። "ለምን ዝም አልካት?" አልኩት። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝና ሞተሩን አጠፋ።

ሰኞ ፈተና ነበረን። ሮም የወደቀችበትን ሦስት ምክንያት ጻፉ ይላል፤ ለሁለት መከፈሏን፣ ወታደሩን፣ ከሰሜን የመጡትን ጻፍኩ። ሌላ ጥያቄ ደግሞ የውሃውን መንገድ ማን ሠራው ይላል። "እኛ አራታችን" ብዬ ጻፍኩ፤ ኮፊን፣ እህትማማቾቹን፣ ራሴን። ሚስስ ሃርግሪቭ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሰረዘችውና አጠገቡ "ሮማውያን" ብላ አረመችልኝ። ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ።

እንግዲህ ወደ በሩ ልመለስ። ሰልፉ ከኋላችን ተጠራቅሟል። "ሌላ ቦታ የለም፣ አባዬ። እዚህ ነው የመደቡህ" አልኩት። ድምፄ ሻካራ ነበር። እሱ ወለሉን እያየ፣ "ሐጂ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ባይኖሩ ኖሮ" አለ።

"ምን አደረጉ ሐጂ? እሳቸውማ ምንም አላወቁ።"

"እንዴት አላወቁ።" ዞሮ አየኝ። "የሐጂ አያት እኮ ከታች አገር ተሸጠው ነው ወሎ የገቡት። ጅዳ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርተዋል። ገና በሩ ጋ ሆነን ካርዱን አንገትሽ ላይ ሲያዩ ነው የገባቸው። ከመሞታቸው በፊት ነገሩኝ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁህ?"

"እኔ አላነበብኩትማ" አለ አባዬ። "ስስቅ ነበር። ፎቶ ላነሳሽ ነበር፣ ካርዱን አስተካክዬ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው። 'ይመር ምን ይላል' ባይሉኝ ኖሮ መች አነበው ነበር።" ከዘራውን መሬት ላይ ደጋግሞ ወጋ። "ሴትየዋን ያመሰገንኳት ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። አንቺ እያየሽኝ ነበር።"

 ንዴቴ አልበረደም፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው የጠፋው። ክንዱን ያዝኩት፣ ገባን።

ከበሩ አጠገብ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ቆማለች፤ በጎ ፈቃደኛ ነገር ናት፣ ደረቷ ላይ የስም ካርድ አንጠልጥላለች። ለሚገባው ሁሉ ከጠርሙስ ሳኒታይዘር ትጫናለች። ሰዉ ሳያያት መዳፉን ዘርግቶ፣ እያሻሸ ያልፋል። አባዬ ተራው ሲደርስ ከዘራውን ለእኔ ሰጠና ሁለት እጁን አቀረበላት። ጠብ አደረገችለት። እሱ ግን አልሄደም። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ካርዷን አነበበ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብሎ። ስሟ ብቻ ነበር። ከዚያ ጣት በጣት አሸት አሸት አድርጎ ሲጨርስ፣ መዳፉን ወደ እሷ አንስቶ በአማርኛ ጀመረ።

"እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። አላህ ያሳድግሽ..."

ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ሰዓቱን አየ። ዞሬ አፈጠጥኩባቸው።

"ይቆዩ" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ጂሙ ሁሉ እስኪሰማ። "አልጨረሰም።"